የሰሊሆም ውኃ በየት በኩል መጣ?

ባለፈው ዓቢይ ጾም አንድ እሑድ ከእናቴ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበርን። ሰባኪው ያነሡት ታሪክ ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ነው። ዐይነ ስውር ሆኖ የተወለደ አንድ ሰው ነበረ። ጌታ ጭቃ ለውሶ ዐይኑን ቀባውና ሄዶ በሰሊሆም መጠመቂያ እንዲታጠብ አዘዘው። ሰውየውም ታጥቦ እያየ ተመለሰ። ታሪኩ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ላይ ይገኛል። ሰባኪው «ሰሊሆም» የሚለው ስም ወንጌሉ ራሱ እንደሚተረጉመው «የተላከ» ማለት መሆኑን አስረዱ፤ ስለ መታዘዝም በሰፊው አስተማሩ። ከዚያ «ከመካከላችሁ ኢየሩሳሌምን ተሳልማችሁ ያንን ውኃ በእጃችሁ የነካችሁ አላችሁ» አሉ። እማዬ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ዞር ብዬ ሳያት ነጠላዋን እያስተካከለች ፈገግ ብላለች።

ሐሳቤ ከስብከቱ ወጥቶ ሄደ። ከ3 ዓመት በፊት ለትንሣኤ በዓል ከተሳላሚዎች ጋር ኢየሩሳሌም ስትሄድ አብሬያት ነበርኩ። እሷ የሄደችው ልትሳለም ነው። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም በላይ የጓጓሁት አንድ ዋሻ ለማየት ነበር። ምን ላድርግ፣ የተማርኩት ምህንድስና ነው! ሰሊሆም ስንደርስ እኔ ጫማዬን አውልቄ ዋሻው ውስጥ ገባሁ። እማዬ ከታች፣ ውኃው ከዋሻው የሚወጣበት ትንሽ ገንዳ አጠገብ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ስወጣ ፊቷን ታጥባ፣ በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃውን ሞልታ አገኘኋት። ያ ሃይላንድ እስከ ዛሬ ቤታችን ቡፌ ላይ አለ። ክዳኑ በፕላስተር ታሽጓል፤ ላዩ ላይ «ሰሊሆም» ተብሎ ተጽፎበታል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? እማዬ ያንን ሃይላንድ የሞላችበት ገንዳ፣ በክርስቶስ ዘመን ሰዎች ይታጠቡበት የነበረው ገንዳ አይደለም። ይህን እዚያው እያለን አውቅ ነበር። ግን አልነገርኳትም። በዚያ እሑድ ሰባኪው ሲናገሩ፣ እሷም በኩራት ስትጎሽመኝ፣ ዝም ማለቴ ከበደኝ። ልነግራት ወሰንኩ። ነገር ግን «አይደለም» ብሎ ማቆም ግማሽ እውነት ነው። ሙሉውን ለመንገር ውኃው ከየት፣ በየት በኩል፣ በማን እጅ እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ለእሷ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ከኮረብታው ግርጌ ያለ ምንጭ

እስቲ የጥንቷን ኢየሩሳሌም አስቡት። የዛሬውን ትልቅ ከተማ እርሱት። የመጀመሪያዋ ከተማ፣ «የዳዊት ከተማ» የምትባለው፣ ከቤተ መቅደሱ ኮረብታ በስተደቡብ ባለች ጠባብ ሸንተረር ላይ የሰፈረች ትንሽ ከተማ ነበረች። እዚያ ሰው እንዲሰፍር ያደረገው ዋናው ምክንያት ውኃ ነው። ከሸንተረሩ በምሥራቅ በኩል፣ በቄድሮን ሸለቆ ጠርዝ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ አንድ ምንጭ አለ።

የምንጩ ስም ግዮን ነው። አዎ፣ እኛ ዓባይን የምንጠራበት ያው ስም! ዓባይን ግዮን የምንለው በኦሪት ዘፍጥረት ከተጠቀሱት አራቱ ወንዞች በአንዱ ስም ነው። የኢየሩሳሌሙ ግዮን ደግሞ ሰሎሞን የተቀባበት ምንጭ ነው። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ውኃቸው አይገናኝም። ስሙ በዕብራይስጥ «ገንፍሎ መውጣት» ከሚል ቃል ጋር የተያያዘ ነው፤ ለዚህ ምንጭ ደግሞ ልክክ ይልለታል። ምክንያቱም ግዮን በጥንት ጊዜ እንደ ተራ ምንጭ ዝም ብሎ አይፈስም ነበር። በቀን የተወሰነ ጊዜ ይገነፍላል፣ ከዚያ ጋብ ይላል፣ እንደገና ይገነፍላል።

ይህ ለምን ይሆናል? ከበርሜል ነዳጅ በጎማ ሲቀዳ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጎማው አንዴ ከሞላ በኋላ ፈሳሹ ራሱን እየሳበ ይወርዳል፤ አየር ሲገባበት ይቆማል። በግዮን ውስጥም ተመሳሳይ ነገር እንደሚሠራ ይታመናል። አካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው። የዝናብ ውኃ የኖራ ድንጋይን ቀስ በቀስ እያሟሟ ጉድጓድና መተላለፊያ ይሠራል። ባሌ ያለውን የሶፍ ዑመር ዋሻ ካያችሁ፣ ውኃ የኖራ ድንጋይን ምን ሊያደርገው እንደሚችል ታውቃላችሁ። ከግዮን ጀርባ ያለው የድንጋይ ጓዳ ሲሞላ ውኃው በታጠፈው መተላለፊያ ተስቦ ይወጣል፤ ጓዳው ሲጎድል ይቆማል።

እንግዲህ ኢየሩሳሌም ጥሩ ምንጭ አላት። ነገር ግን ምንጩ ያለው ከኮረብታው ግርጌ ነው። ጠላት ከተማዋን ከከበበ፣ የውኃውን አፍ ሊይዝ የሚሞክረው እዚያ ነው።

ጠላትም መጣ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት የአሦር ንጉሥ ሰናክሬም ይሁዳን ወረረ። ይህን የምናውቀው ከመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አይደለም። ሰናክሬም ራሱ ዘመቻውን በሸክላ ላይ አስጽፏል፤ ከቅጂዎቹ አንዱ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም አለ። በዚያ ላይ 46 የተመሸጉ ከተሞችን እንደያዘና ሕዝቅያስን ኢየሩሳሌም ውስጥ እንደዘጋበት ይፎክራል። ኢየሩሳሌምን ያዝኩ ግን አይልም። (በነገራችን ላይ በዚሁ ታሪክ መጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 19 «የኢትዮጵያ ንጉሥ» የሚለው ቲርሐቅ፣ የኩሽ መንግሥት ሰው ነው። የዚያ መንግሥት ማእከል በዛሬዋ ሰሜን ሱዳን ነበር።)

ንጉሥ ሕዝቅያስ ጦርነቱ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። መጽሐፈ ነገሥትና መጽሐፈ ዜና መዋዕል ከከተማው ውጪ ያሉ ምንጮችን እንዳስደፈነና የግዮንን ውኃ ወደ ዳዊት ከተማ ምዕራብ እንዳመጣ ይናገራሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ውስጥ ያለው መጽሐፈ ሲራክም ዐለት አስፈልፍሎ ውኃ ወደ ከተማው ማስገባቱን ያነሣል። ዕቅዱ ሲሰሙት ቀላል ነው። የምንጩን አፍ ከውጭ መሰወር፣ ውኃውን በሸንተረሩ ሆድ ውስጥ አሳልፎ በደቡብ በኩል ከቅጥር ውስጥ ማውጣት። ውኃው ከምንጩ ወደ ገንዳው ይላካል ማለት ነው። «የተላከ» የሚለው ስም አሁን ሌላ ትርጉምም አልሰጣችሁም?

በሁለት ጫፍ የተጀመረ ሥራ

ዋሻው 533 ሜትር ይረዝማል። ውስጡ ስገባ መጀመሪያ ላይ ውኃው ከጉልበቴ በላይ ደረሰ። ቀጥሎ እየቀነሰ ሄደ። ስፋቱ በአብዛኛው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ትከሻዎቼ ግራና ቀኝ ዐለቱን ይነካሉ። አንዳንድ ቦታ ጎንበስ ማለት የግድ ነው። መብራታችሁ ቢጠፋ የገዛ እጃችሁን አታዩም። ከመግቢያው እስከ መውጫው 40 ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ።

አሁን እንደ መሐንዲስ እናስብ። 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቦታ ዐለቱን ፊት ለፊት መምታት የሚችለው ስንት ሰው ነው? አንድ። የቀረው ሰው ከኋላ ሆኖ ፍርስራሹን ያወጣል፣ መብራት ይይዛል፣ ሲደክመው ይቀይረዋል። ሺህ ሠራተኛ ብትቀጥሩም ሥራው አይፈጥንም። ጊዜውን በግማሽ የምትቀንሱበት አንድ መንገድ አለ፤ ከሌላኛውም ጫፍ መጀመር።

ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። በአገራችን የግልገል ጊቤ 2 የኃይል ማመንጫ 26 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የውኃ ዋሻ ሲቆፈር፣ ሁለት ግዙፍ ማሽኖች ከሁለት ጫፍ እየቆፈሩ ነው የተቀራረቡት። የዛሬ ቀያሽ ጂፒኤስ አለው፣ ሌዘር አለው። የሕዝቅያስ ሰዎች ግን ከ2,700 ዓመት በፊት በዶማና በመሮ፣ በመብራት ጭላንጭል ይሠሩ ነበር። ኮምፓስ እንኳ አልነበራቸውም። ታዲያ እንዴት ተገናኙ?

ዋሻው ራሱ ፍንጭ ይሰጣል። ከምንጩ እስከ መውጫው ያለው ቀጥተኛ ርቀት ወደ 320 ሜትር ነው። እነሱ ግን 533 ሜትር ቆፈሩ። በካርታ ላይ ስታዩት ዋሻው እንደ እባብ ይጥመለመላል። ለምን? ሁለት ዋና ዋና ማብራሪያዎች አሉ።

የመጀመሪያው ማብራሪያ «ቆፋሪዎቹ በዐለቱ ውስጥ ቀድሞ የነበረን የተፈጥሮ ስንጥቅ ተከትለው ነው» ይላል። ዳን ጊል የተባለ የጂኦሎጂ ባለሙያ ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1991 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አቅርቦታል። ውኃ ቀድሞውኑ ትንሽ መንገድ ሠርቶ ከሆነ፣ የሰዎቹ ሥራ እሱን ማስፋት ብቻ ይሆናል፤ መጥመልመሉም ይገባል።

ሁለተኛውን ማብራሪያ ያቀረቡት አሞስ ፍሩምኪንና አርየ ሺምሮን ናቸው። እነሱ ዋሻውን በዝርዝር አጥንተው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ የተፈጥሮ መንገድ አላገኘንም አሉ። ይልቅስ ከላይ፣ ከመሬት ላይ ሆኖ ዐለቱን በመምታት ለቆፋሪዎቹ አቅጣጫ ይጠቁም የነበረ ሰው ሳይኖር አይቀርም ይላሉ። ይህ ይቻላል ወይ? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በጠጣር የኖራ ድንጋይ ውስጥ ግን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ሜትር ይሄዳል። ጆሮአችሁን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ የጎረቤትን ሚስማር ምት ስታዳምጡ የሚሆነውን አስታውሱ። ድምፁ ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ በትክክል መለየት ግን ይከብዳል። ቀጥ ብለው እንዳይሄዱ ያደረጋቸው ይህም ሊሆን ይችላል።

በዋሻው መካከል የሁለቱ ቡድኖች ጭንቅ በግልጽ ይታያል። ከአንድ ቦታ በኋላ በግድግዳው ላይ ያለው የዶማ ምት አቅጣጫ ይገለበጣል፤ እስከዚያ ድረስ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን የሚመታ ነው። እዚያው አካባቢ ተጀምረው የተተዉ አጫጭር ቁፋሮዎች አሉ። «በዚህ በኩል ናቸው!» ብለው ጀምረው፣ «ኧረ አይደለም» ብለው የተመለሱባቸው። ዋሻው ውስጥ ቆሜ እነዚህን ሳይ እጄን አስገብቼ ነካኋቸው። የተሳሳተ ሙከራ በድንጋይ ላይ ሲቀር ማየት፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ስንት ሙከራ ለከሸፈበት ተማሪ ምን ያህል እንደሚያጽናና አትጠይቁኝ።

30 ሴንቲ ሜትር

መገናኘት አንድ ነገር ነው። ውኃው መፍሰሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዋሻው መግቢያና መውጫ መካከል ያለው የወለል ልዩነት 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። አስሉት፤ 30 ሴንቲ ሜትር ለ533 ሜትር ስታካፍሉት በየሜትሩ 0.6 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ለ10 ሜትር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የእርሳስ ውፍረት ማለት ነው። ዛሬ አንድ ጥሩ ግንበኛ በውኃ ልክ ይህን ማድረግ ይችላል። በጨለማ፣ ተጠማዞ በሚሄድ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ሲሆን ግን ሌላ ነው።

ምስጢሩ አንዱ በጣራው ላይ ይገኛል። ከደቡቡ መውጫ አጠገብ ጣራው እስከ 5 ሜትር ከፍ ይላል። ብዙ አጥኚዎች እንደሚያስረዱት ከደቡብ የመጣው ቡድን ቁፋሮውን የጀመረው ከፍ ብሎ ነው። ከተገናኙ በኋላ ውኃው እንዲወርድ ወለሉን ወደ ታች ቆፈሩት። ማለትም ሥራው በመጀመሪያው ዕቅድ ፍጹም አልነበረም። ለክተው፣ አርመው፣ እንደገና ለክተው ነው ያስተካከሉት። ለማረም ደግሞ ጥሩ መሣሪያ ነበራቸው፤ ራሱ ውኃው። ውኃ የቱ ከፍ፣ የቱ ዝቅ እንዳለ አይዋሽም።

ቆፋሪዎቹ የተዉት ጽሑፍ

እ.ኤ.አ. በ1838 ኤድዋርድ ሮቢንሰን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር ከጓደኛው ከኤሊ ስሚዝ ጋር ዋሻውን በሙሉ በእንብርክክና በደረቱ ተሳበው አለፉት። የለኩት ርዝመት 1,750 ጫማ ነበር። ወደ ሜትር ለውጡት፤ 533 ይሆናል! በሻማ ብርሃን ተሳቦ እንዲህ መለካት ጉድ ነው። ነገር ግን ሮቢንሰን አንድ ነገር አላየም። ከደቡቡ መውጫ ጥቂት ሜትር ገባ ብሎ፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ነበር።

ያገኘው ሌላ ታላቅ ምሁር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1880 እዚያ ውኃ ውስጥ የገባ አንድ ተማሪ ልጅ ነው። እናንተን የሚያክል! ልጁ ለመምህሩ ተናገረ፤ ምሁራን መጡ። ጽሑፉ ስድስት መስመር ሲሆን በጥንታዊ የዕብራይስጥ ፊደል የተጻፈ ነው። በኋላ ሰዎች በድብቅ ከግድግዳው ፈልፍለው ሲያወጡት ተሰባበረ። የኦቶማን ባለሥልጣናት አስመልሰውት ዛሬ ኢስታንቡል በሚገኘው የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ይገኛል።

ምን ይላል? ይዘቱን በራሴ አባባል ልንገራችሁ። ጽሑፉ የሚያወራው ስለ መጨረሻዎቹ ሰዓታት ነው። ሁለቱ ቡድኖች ሊገናኙ 3 ክንድ ሲቀራቸው አንዱ ሌላውን ሲጣራ ድምፁ ተሰማ። በተገናኙበት ቀን ቆፋሪዎቹ እርስ በርስ እየተቀጣጠሩ፣ ዶማ ለዶማ እየተፋጠጡ መቱ። ከዚያ ውኃው ከምንጩ ወደ ገንዳው 1,200 ክንድ ፈሰሰ፤ ከራሳቸው በላይ የነበረው ዐለት ከፍታም 100 ክንድ ነበር።

533 ሜትርን ለ1,200 አካፍሉት። 44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። አሁን ከክርናችሁ እስከ መሐል ጣታችሁ ጫፍ ለኩ። አያችሁ? ያ ነው «ክንድ»። አያቶቻችን ሸማ የሚለኩበት ያው መለኪያ ነው።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በጽሑፉ ውስጥ የሌለው ነገር ነው። የንጉሥ ስም የለም። ሕዝቅያስ አልተጠቀሰም። በዚያ ዘመን ነገሥታት ድንጋይ ሲያስቀርጹ «እኔ እገሌ ይህን ሠራሁ» ብለው ነበር የሚጀምሩት። እዚህ ግን ያለው ጥሪ፣ ዶማና ውኃ ብቻ ነው። ደግሞም የተቀረጸው ሕዝብ በሚያየው አደባባይ ሳይሆን በጨለማው ዋሻ ግድግዳ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ጽሑፉ የንጉሡ ሳይሆን የቆፋሪዎቹ፣ ወይም የአለቃቸው መታሰቢያ ነው ብለው ያስባሉ። የራሳቸውን ስም ግን እነሱም አልጻፉም።

ዘመኑን በምን እናውቃለን?

ጎበዝ አንባቢ እዚህ ላይ «ቆይ፣ ጽሑፉ ላይ የንጉሥ ስም ከሌለ ዋሻው የሕዝቅያስ ዘመን መሆኑን በምን አወቃችሁ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አንዱ መልስ የፊደሉ ቅርጽ ነው፤ ፊደል ከዘመን ዘመን ቅርጹ ስለሚለዋወጥ ባለሙያዎች የዚያ ዘመን መሆኑን ይለያሉ። ሌላው መልስ ከላቦራቶሪ የመጣ ነው።

ቆፋሪዎቹ ወለሉን ውኃ እንዳያሰርግ በልስን ለስነውታል። በልስኑ ውስጥ ጥቃቅን የዕፅዋት ቁራጮች ተቀላቅለው ቀርተዋል። ዕፅዋት ሲሞቱ በውስጣቸው ያለው ካርቦን 14 በታወቀ ፍጥነት መቀነስ ይጀምራል፤ የቀረው ሲለካ ዕድሜያቸው ይታወቃል። በሌላ በኩል ዋሻው ከተቆፈረ በኋላ ከጣራው የሚንጠባጠብ ውኃ ኖራ እያስቀመጠ የተንጠለጠለ ድንጋይ ሠርቷል። ይህ ድንጋይ ዕድሜው የሚለካው ዩራኒየም ወደ ቶሪየም በሚለወጥበት ፍጥነት ነው።

ነገሩን ልብ በሉ። ዕፅዋቱ ወይ ከልስኑ ይቀድማሉ፣ ወይ እኩያው ናቸው። የጣራው ድንጋይ ደግሞ ከቁፋሮው በኋላ ነው የመጣው። ስለዚህ አንዱ «ከዚህ አይቀድምም»፣ ሌላው «ከዚህ አይዘገይም» ይለናል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፍሩምኪን፣ ሺምሮንና ሮዘንባውም ውጤቱን «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ሲያወጡ፣ ዘመኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት አካባቢ መሆኑ ከመጽሐፉ ታሪክ ጋር ገጠመ። ሥራው ከሕዝቅያስ ጥቂት አሥርት ዓመታት ቀደም ብሎ ሳይጀመር አይቀርም የሚሉ አርኪዮሎጂስቶችም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። መጽሐፍ፣ ፊደል፣ ልስንና የኖራ ጠብታ ሳይመካከሩ ወደ አንድ ዘመን ሲያመለክቱ ግን ማስረጃው ይጠነክራል።

ሁለት ገንዳዎች

አሁን ወደ እማዬ ሃይላንድ እንመለስ። ዋሻው በሚወጣበት ቦታ ያለው ትንሽ ገንዳ ለ1,500 ዓመት ያህል ተሳላሚዎች «ሰሊሆም» እያሉ የጎበኙት ነው። በ5ኛው መቶ ዓመት ንግሥት አውዶክያ እዚያ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበር፤ ከጥንቱ ሕንፃ የቀሩ የዓምድ ቁርጥራጮች ዛሬም ውኃው ውስጥ ይታያሉ። እማዬ የተቀመጠችው ከነዚያ ዓምዶች አጠገብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2004 ግን ከዚያ ትንሽ ዝቅ ብሎ የፍሳሽ ቧንቧ ሊጠገን መሬቱ ሲቆፈር፣ የድንጋይ ደረጃ ብቅ አለ። ሮኒ ራይክና ኤሊ ሹክሮን የተባሉ አርኪዮሎጂስቶች ሥራውን አስቁመው መረመሩት። ደረጃዎቹ አምስት አምስት ሆነው በሦስት ረድፍ ይወርዳሉ፤ በየመካከሉ ሰፊ መቆሚያ አለ። የገንዳው አንዱ ጎን 70 ሜትር ያህል ነው። በልስኑ ውስጥና ገንዳውን በሞላው ደለል ውስጥ የተገኙ ሳንቲሞች በክርስቶስ ዘመን አገልግሎት ላይ እንደነበረ፣ ሮማውያን እ.ኤ.አ. በ70 ኢየሩሳሌምን ካጠፉ በኋላ እንደተደፈነ ያሳያሉ። የወንጌሉ ሰሊሆም ይህኛው ነው።

ሁለት ነገር ሳልናገር አላልፍም። አንደኛ፣ ቁፋሮው ገንዳውን አገኘ እንጂ ተአምሩን አላረጋገጠም፤ አላስተባበለምም። ያ የቁፋሮ ሥራ አይደለም። ሁለተኛ፣ ቦታው ባዶ አይደለም። አካባቢው ዛሬ ስልዋን የሚባል የፍልስጤማውያን ሰፈር ነው። ስሙን ካስተዋላችሁት «ሰሊሆም» ራሱ ነው። ከቤታቸው ሥርና አጠገብ የሚካሄደው ቁፋሮ እስከ ዛሬ ከባድ ክርክር ያስነሣል።

ለእማዬ ስነግራት

የዚያን እሑድ ከሰዓት ቡና እየተፈላ ነገርኳት። «እማዬ፣ አንቺ ውኃውን የቀዳሽበት ገንዳ ኋላ የተሠራ ነው። የድሮው ገንዳ ከሱ ዝቅ ብሎ ነው የተገኘው።» ረከቦቱን እያስተካከለች ዝም አለች። ቅር እንዳላት ገባኝ።

«ውኃውስ?» አለች ቆይታ።

«ውኃውማ ከዚያው ከግዮን ምንጭ ነው። በዚያው ዋሻ ነው የሚመጣው።»

«አንቺ ጫማሽን አውልቀሽ የገባሽበት?»

«አዎ።» ስለ ሁለቱ ቡድኖች፣ 3 ክንድ ሲቀራቸው ስለተሰማው ጥሪ፣ ስለተሳሳቱባቸው ጉድጓዶች ነገርኳት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። ያኔ መውጫው ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ይህን ሁሉ ብነግራት ኖሮ ምን ነበረበት ብዬ አዘንኩ።

«ስማቸው ማን ይባላል፣ ሰዎቹ?»

«አልጻፉትም። አይታወቅም።»

«ነፍስ ይማር» አለች። ከዚያ ተነሥታ ሃይላንዱን ከቡፌው ላይ አወረደችና እስክሪብቶ ሰጠችኝ። «በል የሚሉት ሳይሆን የሆነውን ጻፊበት።»

«ሰሊሆም» ከሚለው ሥር «ከግዮን ምንጭ፣ ከዋሻው መውጫ የተቀዳ» ብዬ ጻፍኩበት። ቦታው ስላልበቃኝ የመጨረሻውን ቃል ወደ ጎን አጣጥፌ ነው የጨረስኩት።